ጉልበቴን ነው እያልሁ የከረምሁበት ዘመን

እኔ በታመምሁ ጊዜ ከስማዳ እስከ ጋይንት ያልመከረኝ ፍጥረት ቢኖር ፍየል ብቻ ናት፤ እሷም አፏን ቅጠል ይዞባት ነው። ነጭ ሽንኩርት በማር ያለኝ አለ፣ የጅብ ቅንድብ ያለኝ አለ፣ ፊትህን ወደ ምሥራቅ አዙረህ ተኛ ያለኝም አለ። አሁን አርባውን ስለዘለልሁ መካሪ የመሆን ተራው የኔ ነው። ምክሬ አንዲት ቃል ናት። እንዲሁ ብነግራችሁ ስቃችሁ ታልፏታላችሁና መጀመሪያ እኔን ምን እንዳደረገችኝ ላውራ።

ስሜ ፈጠነ ነው። እናቴ ምጡ ስላልቆየባት ያወጣችው ስም ነው፤ እኔ ግን እንደ ትእዛዝ ቆጠርሁት። ከወገዳ ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ ዝናብ ከኋላዬ ተነሥቶ ቤት እስክገባ ሳይደርስብኝ የቀረበት ቀን አለ። ምስክር አለኝ፤ ዝናቡ ነው። በወረዳ ሮጥሁ፣ በዞን ሮጥሁ፣ ከዚያ አንድ ክለብ ወሰደኝ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ እነሱም የኔን መጥራት ከተዉ ቆይተዋል። ቱታ ሰጡኝ፣ አልጋ ሰጡኝ፣ ደሞዝ ሰጡኝ። በአገሬ ስሜ ቀረና "ሯጩ" ተባልሁ። አባቴ ገበያ ላይ "ማን ልበል?" ሲባሉ የራሳቸውን ስም ትተው "የሯጩ አባት ነኝ" ነበር የሚሉ። እርሻውን ለወንድሞቼ ትቼዋለሁ፤ ትምህርቱንም ስምንተኛ ክፍል ላይ ቀድሜው አልፌያለሁ። ከሁለት እግር በቀር በዓለም ላይ ምንም አልነበረኝም።

ሕመሙ የጀመረኝ ቀኝ ጉልበቴን ነው። እንደ ውልቃት ድንገት አልመጣም፤ እንደ ጨዋ እንግዳ ጫማውን አውልቆ ቀስ ብሎ ነው የገባ። መጀመሪያ ከልምምድ በኋላ አመመኝ፣ ቀጥሎ ከልምምድ በፊት፣ በመጨረሻ ያለ ልምምድ። ጠዋት ስነሣ እግሬ ፀሐይ እንዳደረቀው ጠፍር ድርቅ ብሎ ይጠብቀኛል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትኩሳት ቢጤ ይመጣና በላብ አጥቦኝ ይሄዳል። ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም ስላለ በገመድ አሰርሁት። እርግጥ ሕመሙ ከጉልበቴ ከፍ ብሎም ይሰማኝ ነበር፤ ጭኔ ከሆዴ በሚገናኝበት በኩል። ያ ግን ለሰው አይነገርም። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ "ጉልበቴን ነው" አልሁ።

እዚህ ላይ አማርኛችንም አገዘብኝ። ጉልበት የሚታጠፈውም ነው፣ አቅምም ነው።

"አሰልጣኝ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ" አልሁት አሰልጣኛችንን።

"ከየት ይምጣ ታዲያ? ጠዋት ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። እንቁላል ብላ።"

"አይ፣ እኔ ጉልበቴን ነው የምልህ።"

"እኔስ ምኑን አልሁህ? እንቁላል።"

በላሁ። በዚያ ሰሞን የበላሁት እንቁላል ቢፈለፈል ኖሮ እስቴና ስማዳ ዶሮ የሚገዛ ሰው አይገኝም ነበር። ሕመሙም አብሮኝ በልቶ ወፈረ። ክሊኒክ ገባሁ። ነጭ ጋዎን የለበሰው ልጅ "ምንህን ነው?" አለኝ፤ "ጉልበቴን" አልሁት። "ይደክምሃል?" አዎ። "ያልብሃል?" አዎ። "ምግብ ይዘጋሃል?" አዎ። ደሜን ወስዶ ተመለሰና ታይፎይድ ነው አለ። በኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ መጥቶ ይመስክርብኝ። "ለጉልበትህ ግሉኮስ እሰቅልልሃለሁ" ብሎ የስኳር ውኃ በክንዴ ለቀቀብኝ። ጣፈጥሁ እንጂ አልዳንሁም።

ሌላ ክሊኒክ ሄጄ በጣቴ እየጠቆምሁ፣ አቅሜን ሳይሆን ይህችን የምትታጠፈዋን ነው አልሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ እነዚያ ገባቸው። ጉልበቴን ራጅ አነሡት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራት አንሥቶ "ምንም የለበትም፣ ንጹሕ ነው" አለ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ምንም የሌለበት ጉልበት ይዞ ደረጃ መውጣት ያልቻለ ሰው ምን ይባላል?

አሰልጣኙ መልሱን ነገረኝ። ራጁን ተቀብሎ አየ፣ እኔን አየ።

"ጉልበትህ ከኔ ጉልበት ይሻላል" አለ። "ስንፍና ራጅ ላይ አይታይም።"

ውሌ ሲያልቅ አላደሱልኝም። ቱታውን አጥቤ መለስሁ።

ስማዳ ስገባ እያነከስሁ ነበር። አባቴ ከደጃፍ ሆነው መንገዱን ሲያዩ ደርሼባቸው፣ መጀመሪያ ያወቁት ጥርሴን ነው፤ ሌላው ሰውነቴ ከስቶ ጠፍቷል።  ወጌሻ አስጠሩ። ወጌሻው ሰውየው እጁ መልካም ነው፤ ስንት ሰው አድኗል። "የት ላይ ነው?" አለኝ፤ "ጉልበቴን" አልሁት። የነገርሁትን አሸ። በቅቤ አሸው፣ ጎተተው፣ ጠመዘዘው። ያን ቀን የጮኽሁት ጩኸት ጉና ተራራ ደርሶ ነው የተመለሰ፤ ሲመለስም ደክሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ በትር ከቤት መውጣት ቀረ።

ጎረቤቱ ዓይን በልቶት ነው አለ። አባቴ ገበያ መሄድ ተዉ። ወንድሞቼ እህል ሲጭኑላቸው "እናንተ ሂዱ" እያሉ ይቀራሉ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ገበያው ላይ "ሯጩስ?" የሚል ይበዛል። አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ሰላም ብሏቸው "የሯጩ አባት እንዴት ሰነበቱ?" ሲላቸው፣ አባቴ ያን ሁሉ ዘመን ራሳቸውን የሰየሙበትን ስም እንደማያውቁት ሰው ዝም አሉት። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ከሕመሙ ሁሉ ያ ዝምታ ነው የዘለቀኝ።

ጠበል ሄድሁ። የጠበሉ አባት ሽማግሌ ናቸው።

"ምንህን ነው ልጄ?"

"ጉልበቴን ነው አባቴ።"

"እንግዲያ ስገድ። ጉልበት የሚጸና በስግደት ነው።"

ለመስገድ ብጎነበስ ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለና በግንባሬ ሄድሁ። ብድግ ብዬ ደግሜ ሞከርሁ፤ ደግሜ ወደቅሁ። ሦስተኛውን ልሞክር ስል በመቋሚያቸው ከለከሉኝ። አጠገቤ ተቀመጡና አፈሩን ከግንባሬ በእጃቸው ጠረጉልኝ።

"በቃህ። ይህ የስግደት አይደለም። ጠበሉን ጠጣ፣ ከዚያ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሂድ። ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው።"

"ሐኪሞቹማ ምንም የለህም አሉኝ።"

"ያላዩትን ነው ምንም የለህም ያሉህ።"

ታላቅ እህቴ እታለም ሙሉ ንፋስ መውጫ ከተማ ነው ያገባች። እሷ መጥታ ወሰደችኝ። በመኪናው ጋቢና ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ እግሬን የምዘረጋበት ቦታ ሰጠኝ፤ መንገዱ ግን አላዘነልኝም። ከወገዳ የሚወጣው መንገድ ጤነኛውን በሽተኛ፣ በሽተኛውን ሟች ያደርጋል። ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ የሰዉ ብዛት የጥምቀት ነው። አንድ ሽማግሌ ራጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው "ይቺ ነጯ ምንድን ናት?" እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃሉ። አንዲት የማላውቃት ሴት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ከቋጠረችው ቆሎ ዘገነችልኝ፤ ስሜንም በሽታዬንም አልጠየቀችኝ። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የለመንሁት መዳን አይደለም። ስም ነበር። ስም የሌለው በሽታ ከሚገድለኝ ስም ያለው ይግደለኝ፤ አባቴም ገበያ ወጥተው የሚሉት ነገር ያግኙ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። እታለም ሙሉ ከኋላዬ ቆማለች።

"የት ላይ ነው የሚያምህ?"

"ጉልበቴን።"

"ከጉልበትህ በላይስ?"

"ደህና ነው።"

"ብሽሽትህንስ?"

"ኧረ በፍጹም" አልሁ፤ በግ ሰርቆ እንደተያዘ ሰው። እታለም ሙሉ ጣሪያውን ትመረምር ጀመር።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አገርህ የት ነው?"

"ስማዳ።"

"እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ" አለች። "በኛ አገር ወንድ ልጅ ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ ያለው አገር ስም የለውም። እዚያ መሃል ምንም ነገር ቢነካው ጉልበቴን ነው የሚል። አጎቴ ቡአ ወጥቶባቸው ጉልበቴን እያሉ ሊሞቱ ነበር። ና ተኛ።"

በጀርባዬ ተኛሁ። ጉልበቴን አጠፈችው፣ ነካካችው፤ ደህና ነው። ከዚያ እግሬን ይዛ ጭኔን ከሥሩ ወደ ውስጥ ስታዞረው ነፍሴ በአፌ ወጥታ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ አየችኝ።

"ዳሌህ ነው" አለች። "አልዋሸህም ደግሞ። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማል፤ ሁለቱ አንድ የነርቭ መስመር ይጋራሉ። ጎረቤት ቤት ተጣልተው ጩኸቱ አንተ ቤት እንደሚሰማ ቁጠረው። እስከ ዛሬ ጩኸቱ የተሰማበትን ቤት ነው ሲፈትሹ የኖሩ።"

ዳሌዬን ራጅ ተነሣሁ፤ በመርፌ ከመጋጠሚያው ውኃ ቀዱልኝ። ውጤቱ ቆይቶ ሲመጣ የአጥንት ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ቲቢ ሳንባ ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አጥንት ውስጥም ገብቶ እንደ ነቀዝ ይበላል። ትኩሳቱም ላቡም ክሳቱም የሱ ነበር። ዶክተሯ አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ፤ መድኃኒቱ ዓመት ይፈጃል፣ አንድ ቀን አይዘለልም፣ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል።

"ትድናለህ" አለች። "መጋጠሚያው ግን ተበልቷል። እንደ ድሮው አይታጠፍልህም። መሮጥ አይኖርም።"

"ቀስ ብዬስ?"

"ቀስ ብለህ ትሄዳለህ።"

"ቀስ ብዬ ልሮጥ ነው የምልሽ።"

 "ቀደም ብለህ ብትመጣ..." ብላ ጀምራ ተወችው። ያን ዓረፍተ ነገር ስላልጨረሰችልኝ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

እግሬን እንዲጎትት አሸዋ የሞላ ከረጢት አንጠልጥለው ብዙ ጊዜ አስተኙኝ፤ ከዚያ በክራንች ወደ እታለም ሙሉ ቤት ሄድሁ፤ መድኃኒቱን በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄድሁ እንድውጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ሽንቴ እንደ በርበሬ ቀላ። መድኃኒቱ ቀለም እንዳለው ማንም አልነገረኝም፤ ወይ ነግረውኝ አልሰማሁም። የመጨረሻዬ ሰዓት ደረሰ ብዬ ንስሐ አባት አስጠራሁና የሠራሁትንም ያልሠራሁትንም ተናዘዝሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በማግሥቱ ስትሰማ ወንበር ይዛ ነው የሳቀች። እናንተም ይህን መድኃኒት ከጀመራችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኃጢአታችሁን በከንቱ አታባክኑ።

ጎረቤቶች እታለም ሙሉን "ኩባያውን ለይ" ብለው መከሯት። ነርሷ፣ የሳንባው በትንፋሽ ይጋባል እንጂ በኩባያ አይደለም፣ የሱ ደግሞ አጥንት ውስጥ የተቆለፈ ስለሆነ በምንም አይጋባም ብላ ብታስረዳም፣ "ቲቢ ቲቢ ነው" አሉ። የእህቴ ባል አያ ደሴ ልብስ ሰፊ ነው፤ በቀን ከሚናገረው ይልቅ የሚሰፋው ዚፕ ብዙ ድምፅ ያወጣል። አንድ ቀን እነዚያው ጎረቤቶች ተቀምጠው ሳለ ጠጥቼ የተውሁትን ሻይ ከፊቴ አንሥቶ ጨለጠው።

"ስኳር ያንሰዋል" ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

እንግዲህ ሰው "ተረፍህ፣ እሰይ" የሚልበት ጊዜ ነው። ለኔ ግን የባሰው ያኔ መጣ። ስታመም ቢያንስ የምፈልገው ነገር ነበረኝ፤ የበሽታዬን ስም። አገኘሁት። ከዚያስ? ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ምግብ በላሁ፣ ሥጋ አወጣሁ። በዳንሁ ቁጥር የሚታየኝ ባዶ ሜዳ ብቻ ሆነ። ማረስ አልችልም፤ ሞፈር የያዘ ሰው ዳሌው ካልታጠፈ በሬዎቹ ናቸው እሱን የሚያርሱት። በደንብ መቀመጥ እንኳ አልችልም፤ በርጩማ ላይ እንደተጋደመ እንጨት ነኝ። አልጋዬ መስኮት አጠገብ ነበረች። ተማሪዎች ረፍዶባቸው ሲሮጡ አያለሁ። አንዱ ልጅ ሲሮጥ ክርኑን ወደ ውጭ ይጥላል፤ ልቤ "ሰብስበው" ይለዋል፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ያን ግድግዳ ከመረገው ሰው ይልቅ አውቀዋለሁ። ቀልድ ጠፋኝ። የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ ከዳሌው ይልቅ ይኼኛው ነው የሚያስደነግጠው። ሞትን አልፈራሁትም። መዳንን ነው የፈራሁት።

አንድ ጠዋት እታለም ሙሉ ክራንቹን ይዛ መጣች።

"ተነሥ፣ መድኃኒትህ ደረሰ።"

"አልሄድም።"

"ነገ ልትሄድ ነው?"

"ነገም አልሄድም። ድኜ ምን ልሆን?"

"ሰው ትሆናለህ።"

"ሰው ሞልቷል እታለም። ገበያውን እይው።"

ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። "እኔ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፌ የጠበቅሁ ሯጭ አይደለም" አለች። "ሯጭ ብጠብቅማ ቶሎ በመጣ ነበር። ወንድሜን ነው የጠበቅሁ።"

አልተነሣሁም። በማግሥቱም አልተነሣሁም። ነርሷ ከጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ ለመነችኝ፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ፤ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብሁት። እታለም ሙሉ ማልቀስ ስትጀምር እንኳ ግድግዳውን ነው ያየሁ። እንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሲለምኑት የሚሰማው ከጉድጓድ አፍ ላይ ሆነው እንደሚጠሩት ነው፤ ድምፁ ይደርሰዋል፣ መሰላሉ ግን አይደርሰውም።

ከዚያ አያ ደሴ ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። 

"ቆራጬ መተማ ሄደብኝ" አለ።

ከግድግዳው አልዞርሁም።

"መስከረም ደርሷል። የተማሪ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። እኔ ወይ ልቁረጥ ወይ ልስፋ፤ ሁለቱን አልችልም።"

"ምን ላድርግልህ አያ ደሴ? እኔ መቀመጥ አልችልም።"

"ቆራጭ አይቀመጥም" አለ።

ይህችን ቃል ማንም ሐኪም አላዘዘልኝም። ተነሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "ደግሞ መድኃኒትህን ውጠህ ና። መቀስ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰው አልፈልግም።"

ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነርሷ ሳታየኝ እንዳትቀር ብዬ ጮክ ብዬ ነው የዋጥሁ፤ ክኒን ጮክ ብሎ መዋጥ ይቻል እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ያመለጡኝን ቀናት ከመጨረሻው ላይ ጨመረችብኝ፤ ደግመህ ብታቆም አለቀልህ አለችኝ።

ሱቁ ገበያው ዳር ያለ በረንዳ ነው። ንፋስ መውጫ ስሟን ከየት እንዳመጣች የሚጠራጠር እዚያ ጨርቅ ዘርግቶ ይቁረጥ። በጠመኔ ያሰመርሁበት ጨርቅ ተነሥቶ እስከ ባጃጅ ተራው ሄዶ፣ በሰው ተይዞ የመጣበት ቀን አለ። የመጀመሪያ ሥራዬ የአንድ ተማሪ ሱሪ ነበር። ሁለቱን እግሮች ቆርጬ ለአያ ደሴ ሰጠሁት። አነሣቸው፣ አገናኛቸው፣ ገለበጣቸው፣ ደግሞ አገናኛቸው።

"ፈጠነ።"

"አቤት።"

"ይህ ልጅ ሁለት ግራ እግር ነው ያለው?"

አየሁት። ጨርቁን ለሁለት አጥፌ መቁረጥ ሲገባኝ አንድ በአንድ፣ በአንድ ፊት ቆርጬዋለሁ። "ታዲያ እንዲህ ያለውን ልጅ ትምህርት ቤት ለምን ይልኩታል?" አልሁ። አያ ደሴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፤ ሆዴ ሳቅ ረስቶ ኖሮ አመመኝ። ሁለቱ ግራ እግሮች ለሕፃናት ቁምጣ ዋሉ።

ይህን ስል ደስታ የገባ እንዳይመስላችሁ። ከመቀሱ ጋር ወራት ታግያለሁ። ከሰዓት ሲሆን ዳሌዬ ይግላል፤ ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ ጥርሴን ነክሼ እቆርጣለሁ። በሬዲዮ የሩጫ ውድድር ሲተላለፍ አያ ደሴ ሳልለምነው ይዘጋዋል፤ መዘጋቱም ያማል። አባቴ አንድ የገበያ ቀን መጥተው ከመንገዱ ማዶ ቆመው አዩኝ። ሜትር አንገቴ ላይ፣ ጠመኔ ጆሮዬ ላይ። ልሻገር ስል እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝና እታለም ሙሉ ዘንድ በሶ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እስከ ዛሬም ለሰው "ንፋስ መውጫ ሥራ ይዟል" ይላሉ እንጂ ምን ሥራ እንደሆነ አይናገሩም።

አሁን ምክሬ። ልኬት በጀመርሁ ሰሞን አያ ደሴ ስፌት መኪናው ላይ ሆኖ ይጠራል፣ እኔ እለካለሁ። መጎንበስ ስለማልችል ደንበኛውን ሳጥን ላይ እንደ ሐውልት አቆመዋለሁ። "ወገብ!" ይላል አያ ደሴ። "ዳሌ። ጭን። ብሽሽት።" በገበያው መሃል፣ ቄስ በሚያልፍበት፣ አማት ከምራት ጋር በምትሄድበት። መጀመሪያ ቀን ጆሮዬ እስኪግል አፈርሁ። ቀጥሎ ደንበኛውን አየሁት፤ ግድም አልሰጠው። ለሱሪው ሲሆን ስም አለው። እዚያው ሳጥን አጠገብ ቆሜ አሰብሁ፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ቢሆኑ ኖሮ ዳሌዬ ባልተበላ ነበር። እና እባካችሁ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሰፊ ዘንድ እንደሄዳችሁ ቁጠሩት። የሚያማችሁን ቦታ በስሙ ጥሩት። እናቶችም፣ ዲያቆናትም፣ ሚዜዎችም። ዶክተር ሁሉ የእስቴ ልጅ አይሆንም።

መድኃኒቴ ያለቀ ዕለት ነርሷ የመጨረሻዋን ክኒን ሰጠችኝና ካርዴ ላይ ፈርማ "ጨርሰሃል፣ እንኳን ደስ አለህ" አለች። ሌላ ተረኛ ጠራች። ወጣሁ። ከበሮ የሚመታ መስሎኝ ነበር መሰለኝ። አስፋልቱ ዳር በበትሬ ተደግፌ ቆምሁ። ያ ሁሉ ጊዜ በሽተኝነት ሥራዬ ነበር፤ ጠዋት የምነሣበት፣ ሰው "እንዴት ዋልህ?" የሚለኝ በሱ ነው። ክለቡ አሰናበተኝ፣ አሁን ደግሞ ሕመሙም አሰናበተኝ። ሚኒባሶች ሞልተው ያልፋሉ። ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

"አንተ ሰፊ" የሚል የሴት ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ለሌላ ሰው መስሎኝ አልዞርሁም።

"አንተን እኮ ነው። ለጆሮህም መድኃኒት ልላክልህ?"

ዞርሁ። ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ናቸው፤ የሙሽራውን ሱሪ ጨርቅ ከሰጡኝ ሰንብተዋል።

"ሠርጉ ደርሷል፤ ሱሪው የታለ?"

"እናቴ፣ ዛሬ እኮ ከሕመሜ የተገላገልሁበት ቀን ነው።"

"እንኳን እግዜር ማረህ። ሱሪውስ?"

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኚህ ሴት እንዲያውቁኝ ፈለግሁ። "እናቴ፣ እኔ እኮ ሯጭ ነበርሁ" አልኋቸው። "አገር ያወቀኝ ሯጭ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ በትሬንም አዩት። አላዘኑልኝም።

"ሯጭ ከሆንህ ታዲያ ምነው የልጄ ሱሪ ዘገየ?"

እኔ፣ አፌ ከእግሬ በፊት የተፈጠረው ሰውዬ፣ "ነገ ይደርሳል" አልሁ ቀስ ብዬ።

"ትናንትም ነገ ብለሃል። በል ቅደም።"

ከፊት ከፊት እያነከስሁ፣ እሳቸው ከኋላ እየነዱኝ ገበያውን አቋርጠን በረንዳው ላይ ደረስን። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አጣፉ። "እስኪያልቅ አልነሣም" አሉ። አያ ደሴ ቀና ብሎ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፤ የሙሽራውን ጨርቅ ከቁልሉ መዞ ለሁለት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

"ቁረጥ" አለኝ።

ቆረጥሁ።